ከጅማ የተነሣ ቃል አልባ ዜማ

ጅማ የሚለው ስም በዓለም ገበያ ዘንድ በመጀመሪያ የሚታወቀው በቡና ነው። በአጋሮ፣ በጎማና በጌራ በዛፍ ጥላ ሥር የተለቀመው እሸት ቡና በፀሐይ ደርቆ፣ ጀንፈሉ ተፈልፍሎ፣ በጆንያ ተሞልቶ ወደ ወደብ ሲወርድ የዚህችን ከተማ ስም ተሸክሞ ስለሚሄድ፣ በሩቅ አገር የሚኖር ቡና ቀማሽ ጅማን አንድ ቀንም ሳያያት ስሟን ዕለት ዕለት ሲጠራ ይውላል። ከሙዚቃ ሰዎች ወገን ግን ከተማይቱ የምትነሣው በሌላ ምክንያት ነው፤ ይኸውም ኢትዮ ጃዝ የተባለውን ስልት የመሠረቱት የዜማ ደራሲ፣ የቫይብራፎንና የኪቦርድ ተጫዋች ሙላቱ አስታጥቄ የተወለዱባት ስፍራ በመሆኗ ነው። ይህ ሁለተኛው ዝና ከፊተኛው ያነሰ ሆኖ አይታየኝም። ስለዚህ የእኒህን ሰው የሙዚቃ መንገድ፣ በተለይም ከድምፃዊ ጀርባ ሳይቆሙ በገዛ ስማቸው የሄዱበትን ረጅም ጎዳና፣ የሙዚቃ ትምህርት ላልተማረ አንባቢ በሚገባ አነጋገር ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ሙላቱ የተወለዱት በታኅሣሥ ወር 1936 ዓ.ም.፣ ጠላት ከአገራችን ከወጣ ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላ ነው። ጅማ በጅሬን ኮረብታ ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የቆመባት፣ ከኮረብታው ግርጌ ባለው በሕርማታ ገበያ ደግሞ የጊቤ አገሮች ነጋዴ ከየአቅጣጫው የሚገናኝባት፣ ለረጅም ዘመንም የከፋ ርእሰ ከተማ የነበረች፣ የብዙ ቋንቋና የብዙ ዜማ ማደሪያ ናት። በዚያ የሚኖር ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ የኦሮሞውን ዘፈን፣ የእስልምናውን መንዙማና የቤተ ክርስቲያኑን ማኅሌት ሊሰማ ይችላል። ሰውየው ገና በወጣትነታቸው ባሕር ስለ ተሻገሩ የሙዚቃቸውን ምንጭ ሁሉ ከትውልድ ከተማቸው መቅዳት ማጋነን ይሆናል፤ ቢሆንም ኋላ በሥራቸው ሁሉ የሚታየው ባዕዱን ድምፅ ሳይፈሩ የማስጠጋት ልማድ ለጅማ ልጅ እንግዳ ጠባይ አይደለም።

ቤተ ዘመድ ያሰበላቸው ትምህርት ምህንድስና ነበር። በዚህም አሳብ ወደ ብሪታንያ ተልከው በዌልስ በሚገኘው በሊንዲስፋርን ኮሌጅ ገቡ፤ ዳሩ ግን በዚያ የሙዚቃ ተሰጥዎአቸው ስለ ተገለጠ የምህንድስናው ነገር ቀርቶ ለንደን በትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ተማሩ። ከዚያም አትላንቲክን ተሻግረው በቦስተን ከተማ ወደሚገኘው በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሄዱ፤ ከአፍሪካ የመጡ የመጀመሪያው ተማሪ እርሳቸው እንደ ነበሩ ይነገራል። በለንደን ሳሉ ከጋናና ከናይጄሪያ የመጡ ሙዚቀኞች የየአገራቸውን ዜማ ለፈረንጅ አድማጭ በኩራት ሲያቀርቡ እያዩ የኢትዮጵያ ዜማ ከዚህ ማዕድ ስለ ምን ይጎድላል የሚል ጥያቄ እንዳደረባቸው ደጋግመው ተናግረዋል። የኋላው ሥራቸው ሁሉ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው ብል አልሳሳትም።

የመልሱ የመጀመሪያ ክፍል በኒውዮርክ ተጻፈ። በ1966 (ከዚህ ወዲያ የማነሣው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከፖርቶ ሪኮ ተወላጆች ጋር ሆነው የኢትዮጵያ ኩንቴት የሚል ስም የሰጡትን ጓድ አቋቋሙና «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉ ሁለት የሸክላ አልበሞች አወጡ። የላቲን አሜሪካ ምት ከአፍሪካ በባርነት ከተጋዙት ሰዎች ጋር የተሻገረ ስለሆነ፣ እርሱን ከኢትዮጵያ ዜማ ጋር ማገናኘት ለሙላቱ ባዕድን ማስገባት ሳይሆን የተለያዩ ዘመዳሞችን ማስተዋወቅ ነበር። ይሁን እንጂ እነዚህ ሁለት አልበሞች ገና የተማሪ ሥራ ናቸው፤ የላቲኑ ከበሮ ጎላ ብሎ የኢትዮጵያው ቅኝት ከኋላው ይሰማል። ሚዛኑ የተገኘው ኋላ ነው፤ ያን ሚዛን ለማግኘት የወሰደውን ድካም ለመረዳት ደግሞ ስለ ቅኝት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል።

አንድ ሰው ፒያኖ ፊት ተቀምጦ ከአንዱ ድምፅ ተነሥቶ በላይኛው ደረጃ እስካለው ተመሳሳዩ ድረስ ነጩንም ጥቁሩንም ሳይዘል ቢነካ ዐሥራ ሁለት ደረጃዎችን ይቈጥራል። የእኛ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ግን እያንዳንዳቸው ከእነዚህ ውስጥ አምስቱን ብቻ መርጠው የሚቆሙ ናቸው፤ የአንዱ ቅኝት ጠባይ ከሌላው የሚለየውም በየትኞቹ አምስት ላይ እንደ ተመሠረተና በመካከላቸው ያለው ርቀት እንደ ምን እንደ ሆነ ነው። ባላገሩ ክራር ሲቃኝ ደግሞ የፒያኖውን እኩል የተከፈለ ርቀት ሳይከተል ጆሮው ወደሚወደው ጥቂት ከፍ፣ ጥቂት ዝቅ ያደርጋል። በዚህ ላይ የአውሮፓው ሙዚቃ ሦስትና አራት ድምፆችን ባንድ ጊዜ አስተባብሮ በማሰማት፣ ማለት በኅብረ ድምፅ፣ የሚኖር ሲሆን የእኛው ዜማ በአብዛኛው በአንድ መሥመር የሚሄድ ነው። ለምሳሌ አምባሰልን ብንወስድ፣ በመነሻው ድምፅ ላይ የአውሮፓ ኅብረ ድምፅ ሊቆም የሚፈልገው ሦስተኛ ደረጃ በቅኝቱ ውስጥ ጨርሶ የለም፤ አቀናባሪው ያን ድምፅ ከውጭ ቢያስገባው ኅብረ ድምፁ ይሞላል፣ አምባሰሉ ግን አምባሰል መሆኑ ይቀራል። ሙላቱ ከዚህ ችግር ሳይሸሹ፣ ዋናውን ዜማ በአምስቱ ድምፆች ንጽሕና ጠብቀው፣ ዐሥራ ሁለቱን ከሥርና ከዳር እንደ ጥላ እያሳለፉ ቅኝቱ ሳይደፈርስ ኅብር እንዲያገኝ አደረጉ። ኢትዮ ጃዝ የሚባለው የጥበብ ነገር ዋና ምሥጢሩ ይህ ነው፤ በትሩምፔትና በሳክስፎን የአማርኛ ዘፈን መጫወት ብቻውን ኢትዮ ጃዝ አያሰኝም፤ እርሱማ ከእርሳቸው በፊት በክብር ዘበኛና በፖሊስ ኦርኬስትራ ሲሠራ ኖሯል።

መሣሪያቸውም የራሱ ድርሻ አለው። ቫይብራፎን የብረት ዘንጎች እንደ ፒያኖ ቁልፍ በሁለት ረድፍ የተደረደሩበት፣ ቁመቱ እስከ ሰው ወገብ የሚደርስ ገበታ ነው። በእያንዳንዱ ዘንግ ሥር አንዳንድ ቱቦ ተንጠልጥሏል፤ በቱቦውም አፍ ላይ በኤሌክትሪክ ሞተር የምትዞር ቀጭን ሰሌዳ አለች፤ እርስዋም ስትዞር የቱቦውን አፍ እየከፈተች እየዘጋች ድምፁን እንደ ውሃ ላይ ብርሃን ታንቀጠቅጠዋለች። ተጫዋቹ ጫፋቸው በክር የተጠቀለለ ሁለት ወይም አራት መምቻዎችን በእጁ ይዞ ዘንጎቹን ይመታል፤ በእግሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ድምፁ ይረዝማል፣ ሲለቅ ይቈረጣል። የቫይብራፎን ድምፅ ከሰው አፍ እንደሚወጣ ዜማ ጉሮሮ የለውም፤ አይጮኽም፣ አያለቅስም፤ ከተመታበት ቦታ ተነሥቶ ወደ ዝምታ ይቀልጣል። ሙላቱ በኪቦርድና በኤሌክትሪክ ፒያኖ ሲጫወቱም ይህንኑ ጠባይ ይዘው ነው፤ ጣታቸው ድምፅ ለማብዛት አይቸኩልም፤ በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ እንደ ድምፅ ቈጥረው ይተዉታል። ብዙ የጃዝ ተጫዋቾች ከፍጥነታቸው የተነሣ ሲደነቁ እርሳቸው ግን ከቁጥብነታቸው የተነሣ ይታወቃሉ፤ እኔም ከሌላው ሁሉ አብልጬ የምወድላቸው ይህን ነው።

ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ያገኙት ዘመን የምሽት ክበቦች የደመቁበት፣ አምኃ እሸቴ የመንግሥትን የሸክላ ሞኖፖል ደፍረው በ1969 አምኃ ሪከርድስን ያቋቋሙበት ነበር። ሙላቱ ለጥላሁን ገሠሠ፣ ለምኒልክ ወስናቸው፣ ለሰይፉ ዮሐንስና ለሙሉቀን መለሰ ዘፈን አቀናበሩ፤ በዚህ ብቻ ቢኖሩም ስማቸው ባልጠፋ ነበር። ነገር ግን የእርሳቸው ዓላማ ድምፃዊ የሌለበት፣ ደራሲው በዜማውና በመሣሪያው ብቻ የሚናገርበት ሥራ ነበርና የሄዱበት ጎዳና ዳገት ሆነባቸው። በአገራችን ሰው ዘፈን የሚወደው በአብዛኛው ስለ ቃሉ ነው፤ ሰምና ወርቁን ፈልቅቆ ያገኘ አድማጭ «ይበል!» ይላል፣ ቅኔው ያልገባው ዜማው ምንም ቢያምር ግማሹን እንዳጣ ይቈጥረዋል። አዝማሪም ቢሆን ሽልማት የሚቀበለው መሰንቆውን አሳምሮ ስለ መታ ሳይሆን ግጥም ስለ ገጠመ ነው። ከእንዲህ ያለ ሕዝብ ፊት ቀርቦ ያለ አንዲት ቃል «ስሙኝ» ማለት ታላቅ ድፍረት ነው። ኮንጋ የተባለው የላቲን ከበሮና ቫይብራፎኑ እንግዳ የሆኑበት፣ ባህል ተበላሸ ብሎ ያጉረመረመ አድማጭም አልጠፋም።

በ1972 በኒውዮርክ የተቀረጸው «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» የተሰኘው አልበም ግን ነገሩ እንደሚቻል አስረዳ። በዚያ ውስጥ ካሉት ሥራዎች አንዱ «ኩሉን ማን ኳለሽ» ነው። ይህን የሰርግ ዘፈን የማያውቅ የአማርኛ ተናጋሪ ስለሌለ፣ ሙሽራይቱን ሚዜዎች ከበው ሲያዜሙላት ያልሰማ የለምና፣ ሙላቱ ቃሉን አንሥተው ዜማውን ብቻ ለመሣሪያ ሲሰጡት አድማጩ ቃሉን ከገዛ ልቡ ያመጣዋል። ጥበቡን ልብ ይሏል፤ ቃል አልባ ሙዚቃ ያልለመደውን ጆሮ ያለማመዱት ቃሉን አስቀድሞ በሚያውቀው ዜማ ነው። ጥቂት ቈይቶ ግን «የግሌ ትዝታ» እና የጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔት ስም የሚጠራበት «የከርሞ ሰው» ሲመጡ፣ አድማጩ ከልቡ የሚያመጣው ቃል ሳይኖር፣ ባሱ አንድ አጭር ሐረግ እየደጋገመ ሲሄድ፣ ሳክስፎኑም በላዩ ሲያንጐራጕር፣ ትዝታው ያለ ትርጓሜ ይደርሰዋል።

በ1973 ታላቁ ዱክ ኤሊንግተን ከነኦርኬስትራቸው አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ ሙላቱ አብረዋቸው ተጫወቱ። በሚቀጥለው ዓመት በአምኃ ሪከርድስ የወጣው አልበማቸው «የካቲት» ይባላል፤ ስሙ አብዮቱ ከፈነዳበት ወር ስም ጋር አንድ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። ሰዓት እላፊ ታወጀና የምሽት ክበቦች ጨለሙ፤ አምኃ እሸቴን ጨምሮ ብዙ የሙዚቃ ሰዎች ተሰደዱ። ሙላቱ በአገራቸው ቀርተው ሲያስተምሩና ሲሠሩ ቈዩ።

በዚሁ ጎዳና የሄዱት እርሳቸው ብቻ አይደሉም። በሒልተን ሆቴል ይጫወት በነበረው በዋልያስ ባንድ ውስጥ ኪቦርድ ተጫዋች የነበሩት ኃይሉ መርጊያ በ1981 ከጓዱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደው በዋሽንግተን ቀሩ፤ በ1985 አኮርዲዮን፣ ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ብቻቸውን እየተጫወቱ አንድ ካሴት ቀረጹ። ከዚያም ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሲነዱ ኪቦርዳቸውን በመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይይዙ ነበር፤ በአውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ያ ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ እርሳቸውም ወደ መድረክ ተመለሱ፣ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጡ። ጌታቸው መኩሪያ ደግሞ ሽለላና ፉከራን ከአርበኛው አፍ ወስደው ለሳክስፎን ሰጡት፤ በስተእርጅናቸውም ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ ጓድ ጋር በ2006 «ሞዐ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም ቀረጹ።

ሆላንድን ካነሣን አይቀር፣ በዚያች አገር ሪክ ቫን ደር ሊንደን የተባለ የኦርጋን ተጫዋች ኤክሴፕሽን ከተባለው ጓድ ጋር በ1969 የቤትሆቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ መክፈቻ ወደ ሮክ ሙዚቃ አምጥቶ በአውሮፓ ዝነኛ ሆኖ ነበር። ያ ሰውና ሙላቱ በአንድ ዘመን አንድ ዓይነት ሥራ ጀምረዋል፤ ሁለቱም የአባቶችን ዜማ በኤሌክትሪክ ቁልፍ ላይ ለአዲስ ጆሮ አቅርበዋል። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። ሆላንዳዊው የተመረኰዘበትን ቤትሆቨን አድማጩ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ሙላቱ ግን በኒውዮርክ ስለ አምባሰል ሰምቶ የማያውቅ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ ስለ ቫይብራፎን ሰምቶ የማያውቅ አድማጭ ነበራቸው፤ ለሁለቱም ባንድ ጊዜ መናገር ነበረባቸው።

ዓለም ያዳመጣቸው ዘግይቶ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጃቸው «ኤቲዮፒክስ» የተባሉ ተከታታይ ጥራዞች አራተኛው በ1998 ሲወጣ ሙሉ በሙሉ የሙላቱን ሥራ የያዘ ነበር። በ2005 የፊልም ደራሲው ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ ውስጥ ይህንኑ ሙዚቃ አገባው፤ በታሪኩም ውስጥ የሙላቱን ሙዚቃ ለዋናው ባለታሪክ የሚሰጠው ኢትዮጵያዊ ጎረቤቱ ነው። በ2009 ከለንደኑ ሄሊዮሴንትሪክስ ጓድ ጋር የሠሩት አልበም፣ በ2010 «ሙላቱ ስቴፕስ አሄድ»፣ በ2013 «ስኬችስ ኦቭ ኢትዮጵያ» ተከተሉ፤ ናስና ዴሚያን ማርሊም «የግሌ ትዝታ»ን ለራፕ ዘፈናቸው መሠረት አደረጉት፤ በርክሊም በ2012 የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። አንዳንዱ ሰው ይህን ሁሉ የፊልሙ ዕድል ያመጣው አድርጎ ይናገራል። እኔ ግን አልስማማም። ፊልሙ በሩን ከፈተ እንጂ በበሩ የገባው ከሠላሳ ዓመት በፊት ተሠርቶ ያለቀ ሥራ ነበር፤ ያን ያህል ዘመን ተከድኖ ሲከፈት ሳይሻግት የተገኘ ሙዚቃ በዕድል ሊቆም አይችልም።

ዝናው ከመጣ በኋላ የሠሩት ምርምር ደግሞ ከአልበሞቹ ባላነሰ ደስ ያሰኘኛል። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በተመራማሪነት በተቀመጡበት ጊዜ በቅዱስ ያሬድ ላይ የተመሠረተ ኦፔራ መጻፍ ጀምረው ከፊሉን አሰሙ፤ ካህናት በማኅሌት የሚመሩበትን መቋሚያም የኦርኬስትራ መሪ ዘንግ ቀዳሚ አድርገው ከአንድ በላይ ጊዜ ተናግረዋል። ክራሩ ከአንድ ቅኝት ወደ ሌላ በቀላሉ እንዲሻገር የሚያደርግ ማሻሻያ ለማበጀትም ደክመዋል። በደቡብ የሚኖሩት የደራሼ ሰዎች በቀርከሃ በተሠሩ ዋሽንቶች የሚያሰሙት የድምፅ ደረጃ፣ የዜማ ደራሲው ደቡሲና የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቹ ቻርሊ ፓርከር በየዘመናቸው የደረሱበትን የሚመስል መሆኑን ሲያስረዱ፣ የደራሼን ሰዎች ሳይንቲስቶች እያሉ ይጠሯቸዋል። በ«ስኬችስ ኦቭ ኢትዮጵያ» ውስጥም ጋሞ፣ ጋምቤላ፣ አሶሳ፣ ደራሼ፣ ጉሙዝና ሱርማ የሚሉ ስሞች ለሥራዎቹ ርእስ ሆነዋል፤ አራቱን የሰሜን ቅኝቶች ብቻ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ብሎ ለመጥራት ለለመደው አድማጭ ይህ ትልቅ እርምት ነው።

አሁን ወደ ቡናው አገር ልመለስ። ቡናው ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ገንዘቡ ከእጅ ከገባ በኋላ በአጋሮና በዙሪያዋ ሰርግ ይበዛል፤ በብዙው ሰርግ ድንኳን ውስጥም አንድ ኦርጋን ተጫዋች ይቀመጣል። ኦርጋን የሚሉት በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ኪቦርድ ነው። ድሮ ስድስትና ሰባት ሰዎች ሆነው ይሠሩት የነበረውን ሙዚቃ አሁን ይህ አንድ ሰው በግራ እጁ ባሱን፣ በቀኙ ዜማውን፣ በማሽኑ ከበሮውን ይዞ ብቻውን ይወጣዋል፤ ኦሮምኛውን፣ አማርኛውን፣ ጉራጊኛውን እንደ ታዳሚው እያፈራረቀ ሌሊቱን ያነጋል። ችሎታው ትልቅ ነው፤ ስሙን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፤ ሰርገኛው የሚያስታውሰው ዘፋኙን ነው። ከእነዚህ ወጣቶች መካከል ከቅኝት ቅኝት የሚሻገር ጣት ያለው፣ ዘፋኙ ውሃ ሊጠጣ ሲወርድ ብቻውን የሚያሰማት አጭር ዜማ ተጨፋሪውን ሳታስቀምጥ የምታቆይለት ሰው አለ። የሙላቱ ታሪክ በጅማ ትምህርት ቤቶችና ክበቦች በስፋት ሊነገር ይገባል የምለው ለእነዚህ ነው፤ ያቺን አጭር ዜማ ወደ ድርሰት ለማሳደግ፣ በገዛ ስምም ለማውጣት የተደፈረ መንገድ እንዳለ፣ የደፈሩትም የእነርሱው አገር ሰው እንደሆኑ እንዲያውቁ ነው።

ሙላቱ በ2025 «ሙላቱ ፕሌይስ ሙላቱ» የተባለ አልበም አወጡ። «የከርሞ ሰው»፣ «ነጻነት»፣ «ኩሉን» እና ሌሎቹ የቀድሞ ሥራዎቻቸው በአዲስ ቅንብር የቀረቡበት ነው። አሮጌውን ደግመው ሠሩ የሚል ሰው ቢኖር የጅማ ገበሬ ይመልስለት፤ ከአንድ ዛፍ የተለቀመ አንድ ዓይነት ፍሬ በፀሐይ ሲደርቅ አንድ ጣዕም፣ ሲታጠብ ሌላ ጣዕም እንደሚሰጥ እርሱ ያውቃልና። ዜማዎቹ በወጣትነታቸው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ በምትይዝ ሸክላ ተጣብበው ነበር፤ አሁን ግን ተጫዋቾቹ በየተራ የሚናገሩበት ሰፊ ጊዜ አግኝተዋል። አልበሙ የተቀረጸው በከፊል በለንደን፣ በከፊልም በአዲስ አበባ ባቋቋሙት ጃዝ መንደር ነው፤ በ1966ቱ አልበሞች ጨርሶ ያልነበሩት ክራር፣ መሰንቆና ዋሽንትም በዚህኛው ከቫይብራፎኑ እኩል ድርሻ ይዘው ገብተዋል።